ፕሮፌሰሩ እንደ አዲስ የጀመሩበት ቀን

የዘረመል ፕሮፌሰሩ አዲስ ነገር ቶሎ ስለማያምኑ ተማሪዎቻቸው «አይሆንም» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውላቸው ነበር። አንድ ቀን የቀድሞ ተማሪያቸው ጥናቷን አቀረበች። ሳይንቲስቶች ጥቅም የለሽ ሲሉት የኖሩት የዲኤንኤ ክፍል፣ ልብ ማደጉን መቼ እንደሚያቆም የሚያዘው እሱ ነው አለች። ፕሮፌሰሩ በጥያቄ አፋጠጧት፤ እሷም ሳትደነግጥ መለሰች። በመጨረሻ ያ ክፍል ተቆርጦ የወጣለት የዓሣ ጽንስ ልቡ ያለ ልክ ሲያብጥ የሚያሳይ ፊልም ከፈተች። ሽማግሌው ፕሮፌሰር በዚህ አመኑ። እፍረትም ኩራትም ተሰማቸው።

በማግስቱ ክፍል ገብተው፣ «ልጆች፣ ባለፈው ሳምንት ያስተማርኳችሁን እርሱት፤ ተሳስቻለሁ» አሉና የቀድሞ ተማሪያቸውን ግኝት ነገሯቸው።

«ግኝቱ ያን ያህል ትልቅ ነው እንዴ?» አለች አንዷ ተማሪ።

«እኔ ያንን የዲኤንኤ ክፍል ዕድሜ ልኬን ስዘለው ኖሬአለሁ። ከዛሬ በኋላ ማንም ሊዘለው አይችልም። አንድ ግኝት የሁላችንንም ጥያቄ እንዲህ ሲቀይር ነው አብዮት የሚባለው።»

ከሰዓት በኋላ ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው የቀድሞ ተማሪያቸውን ላቦራቶሪ አንኳኩ።

«እስቲ የዲኤንኤውን አቆራረጥ አሳዪኝ» አሏት።

እሷም ፈገግ ብላ ወንበሯን ለቀቀችላቸው።