ቁጥር አስራ አራት መብራት

ቆራሌው ማዳበሪያ ተሸክሞ በሩ ላይ ሲቆም፣ «ዛሬ የሚሸጥ ነገር የለንም» አልኩት።

«እኔስ ልገዛ መጣሁ አልኩሽ?»

«ታዲያ…» አልኩና ማዳበሪያውን አየሁ።

«ልሸጥላችሁ ነው የመጣሁት! ሰው አንዴ ቆራሌ ከተባለ በቃ፣ ለቅሶ ቢሄድ እንኳ አልጋውን ሊገዛ መጣ ነው የሚሉት።» ሸክሙን አወረደና ላቡን በእጅጌው ጠረገ። «ጋሼ የት ሄደ?»

«ደንበኛ ጋ መብራት ሊሰቅል።»

«እንግዲያው ዕድሉ የአንቺ ነው። የክር ፋብሪካውን እያፈረሱት ነው። ከኋላ ካለ የተቆለፈ መጋዘን ውስጥ ሦስት አገኘሁ። አጎትሽ ‘የክር ፋብሪካ ዕቃ ካገኘህ ከማንም በፊት ለእኔ’ እያለ ስንት ዓመት ሲያስምለኝ ኖሯል። ይኸው፣ ቃሌን ጠበቅኩ።»

ሦስት የፋብሪካ መብራቶች ነበሩ። ከላይ ከባድ የብረት ራስ፣ ከሥሩ ውጪው አረንጓዴ ውስጡ ነጭ የሆነ፣ እንደ ተደፋ ጎድጓዳ ሳህን ያለ የኢናሜል ቆብ። ከራሱ ጎን ለማብራትና ለማጥፋት የሚሳብ አጭር ሰንሰለት ይንጠለጠላል። የክር ብናኝና አቧራ ተጋግሮባቸው ጠጉር ያበቀሉ ይመስሉ ነበር።

አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ የቆዩ የፋብሪካ መብራቶችን እየሰበሰበ ያድሳል፤ ለሆቴልና ለካፌ ይሰቅላል፤ የወደዳቸውን አይሸጥም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪክ ተምሬ ከተመረቅኩ ጀምሮ አብሬው እሠራለሁ። «ለፈተና አንደኛ፣ ለቃለ መጠይቅ ዲዳ» ይለኛል። ደስ ሲለው ደግሞ «ኢንጂነሯ» ይለኛል። የሥራችን ሕግ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ይታጠባል፣ ቀጥሎ ይከፈታል፣ ከዚያ አንዲት ሽቦ ሳትቆረጥ የውስጡ አሠራር በወረቀት ይሳላል። «ከአንቺ በፊት የነበረውን ሰው እጅ ሳታነቢ እንዳትቆርጪ» ይላል አጎቴ።

ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጠብኳቸው። ሦስተኛው ላይ አረፋውን ስጠርግ ከቆቡ ጠርዝ በቀይ ቀለም የተጻፈ ነገር ወጣ። መፍተያ፣ 14።

እርጥቡ ጨርቅ ከእጄ ወደቀ።

ከስሜ ቀጥሎ የማውቀው ይህን ቁጥር ነው። እናቴ የክር ፋብሪካው መፍተያ ክፍል ሠራተኛ ነበረች። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት፣ እኔ ገና መራመድ ስጀምር፣ ከመፍተያ መኪናዋ በላይ ያለውን አስራ አራተኛ መብራት ልትወለውል ሰንሰለቱን ሳበች፣ አምፖሉን ፈታች፣ ከዚያም ኮረንቲ ያዛት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቀኝ እጇ ሦስት ጣቶች አይታጠፉም። የክፍሉ አለቃ «ሳታጠፋ ነካችው፣ ጥፋቱ የራሷ ነው» ብሎ ጻፈና ከሥራ ተሰናበተች።

እሷ ግን «ሰንሰለቱን ስቤዋለሁ። ሲጠፋም አይቻለሁ» ትል ነበር። ማንም አላመናትም። እኛም አላመንናትም። ቁልፍ ስትጥል፣ ሻይ ሲገነፍልባት፣ እኔና ወንድሜ «እንደ መብራቱ ነው?» እያልን እንስቃለን። መጀመሪያ ትቆጣን ነበር። ኋላ ከእኛ ጋር መሳቅ ጀመረች። ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ «እንግዲህ ረስቼ ይሆናላ» ማለት ጀምራለች።

ሌሎቹን ሁለት መብራቶች ቀድሜ ከፈትኩ። ምክንያቱን አላውቅም፤ ምናልባት ፈርቼ ይሆናል። ወደ መብራቱ ሁለት ሽቦ ይገባል። ቀይ ጨርቅ የለበሰው ኮረንቲውን ያመጣል፣ ጥቁሩ ይመልሳል። ሰንሰለቱ ሲሳብ መቋረጥ ያለበት ቀዩ ነው። በስህተት ጥቁሩ እንዲቋረጥ ከተደረገ አምፖሉ ይጠፋል፤ ኮረንቲው ግን አምፖሉ እስከሚገባበት ጉሮሮ ድረስ መጥቶ፣ ቁጭ ብሎ ሰው ይጠብቃል። ከውጪ የሚያይ ሰው ምንም ልዩነት አያይም። ሁለቱም መብራቶች ልክ ነበሩ፤ ሳልኳቸው።

አስራ አራተኛውን ከፈትኩ። ቀዩ ሽቦ የሰንሰለቱን ማጥፊያ ሳይነካ በቀጥታ ወደ ጉሮሮው ወርዷል። በማጥፊያው የሚያልፈው ጥቁሩ ነው።

ሳልኩት። የሳልኩትን አጥፍቼ እንደገና ሳልኩት። ያው ነው።

እናቴ አጥፍታዋለች። እንዳለችው ሰንሰለቱን ስባዋለች፤ እንዳለችው ጠፍቷል። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ወዲያው ደግሞ «እንደ መብራቱ ነው?» ያልኩባቸው ቀናት ሁሉ ተሰልፈው መጡብኝና ፊቴ በእሳት የተለበለበ ያህል ጋለ።

ክሩን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ጥቁሩ ሽቦ የታሰረበት ቦታ ላይ ቴፕ አልነበረም። በሰም የተነከረ ነጭ ክር ነው፣ ሰባት ጊዜ ተጠምጥሞ ጫፉ ወደ ውስጥ የተሳበ። ሽቦ እንዲህ የሚያስር አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። አይ፣ ሁለት። ሁለተኛዋ አጎቴ ያስተማረኝ እኔ ነኝ።

ጥምጥሞቹን ደግሜ ቆጠርኩ። በሩ ሲከፈት ቀና አልኩ።

«ኢንጂነሯ! ሰውዬው መብራቱ ሲበራ አፉን ከፍቶ ቀረ። ዝንብ እንዳይገባበት ብዬ አጠፋሁለት!» አጎቴ መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ዞረ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን አየ። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ማን አመጣው?»

«ቆራሌው።»

«ከፈትሽው?»

ወረቀቱን ገፋሁለት። ወረቀቱን አላየም። መነጽሩን አድርጎ በቀጥታ ወደ መብራቱ ውስጥ ጎንበስ አለ፤ ቀዩን ሽቦ በጣቱ ተከትሎ ወረደ፤ ጥቁሩ ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ከዚያ ሳያይ የአምፖል ካርቶን ላይ ተቀመጠ። ከሥሩ አምፖል ሲሰበር ሁለታችንም ሰማን።

«ፋብሪካው ከገባሁ ሁለት ሳምንቴ ነበር» አለ። «እትዬ ናት አለቃውን ለምና ያስገባችኝ። ሰንሰለቱ ተበጥሶ ነበር፣ ምሽት ላይ ፈትቼ አዲስ ገጠምኩ። በማግስቱ ጠዋት…»

«ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ነበር። ጠርጥሬ ነበር። አለቃው በዚያው ሰዓት አስወርዶ መጋዘን ቆለፈበት። አንድ ጊዜ ክፈቱልኝና ልየው ማለት እችል ነበር። አላልኩም።»

ግድግዳውን አየሁ። ከአርባ በላይ የማይሸጡ መብራቶች ተሰቅለዋል። መብራት ስለሚወድ ነበር የሚመስለኝ።

«ይሄን ስትፈልግ ነው?»

«ከየፋብሪካው ያገኘሁትን ሁሉ ስከፍት ይኸኛው ይሆን እያልኩ ነው። መውደዱ ኋላ የመጣ ነው።»

«ብታገኘው ምን ልታደርገው ነበር?»

«ልክ ሆኖ ላገኘው ነበር ተስፋዬ» አለ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያለቅስ አየሁት። ዓይኑ ግን ጠረጴዛው ላይ ያለው ፒንሳ ላይ ነበር። የእኔም እዚያው ነበር። ሽቦዎቹን ማቀያየር አራት ደቂቃ አይፈጅም። ከእኛ ሌላ ደግሞ ያየ የለም። እሱ ያሳደገኝ ሰው ነው፤ የትምህርት ቤት ቦርሳዬን የተሸከመ፣ ስታመም አዝሎኝ የሮጠ። እናቴም እንግዲህ ለምዳዋለች፣ ትስቃለች። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ በልቤ አለፈ። ያሰብኩትን ሳውቅ ከእሱ ይልቅ የደነገጥኩት በራሴ ነው።

ፒንሳውን አንስቼ ኪሴ ከተትኩ።

«ለእማዬ አንተ ትነግራታለህ ወይስ እኔ ልንገራት?» አልኩት።

«ምን ብዬ?»

«አጥፍታው እንደነበር።»

ተነሳ። መብራቱን እንደተከፈተ በጨርቅ ጠቀለለው።

እናቴ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። «ምነው በጊዜ? ደግሞ ምን ሰብራችሁ መጣችሁ?» አለችን። አጎቴ መብራቱን ከልብሶቹ አጠገብ አስቀምጦ ጨርቁን ገለጠው። ቁጥሩን አየችው። ግራ እጇ ሳታውቀው ሄዶ ቀኟን ያዘ።

ቆሞ ነገራት። አንድም ነገር አልዘለለም፣ የተቆለፈውን መጋዘንም፣ አለመጠየቁንም።

«ስቤው ነበር ማለት ነው?» አለች።

«ስበሽው ነበር፣ እትዬ።»

«ጠፍቶ ነበር?»

«አምፖሉ ጠፍቶ ነበር። ኮረንቲው ነው ያልጠፋው።»

ያጣጠፈችውን ልብስ ወደ ጎን ገፋችው። ከዚያ ወደ እሱ ሳይሆን ወደ እኔ ዞራ «ረስቼ ይሆናል ብዬ ነበር እኮ» አለች። «ራሴን አሳምኜ ነበር።»

«ይቅርታ እማዬ» አልኩ።

አጎቴ ተንበርክኮ እግሯን ሊይዝ ሲል ወደ ኋላ አለች። «ተነሥ! እግሬ ምን ሆነብህ? ሃያ ሁለት ዓመት እጄን እያየህ እዚህ ገበታ ላይ ስትበላ ኖርክ፤ አሁን እግሬን ልትስም!» እንዲህ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። ጎረቤት በር ሲከፈት ተሰማ። እሷም ሰምታለች፤ ድምፅዋን ግን ዝቅ አላደረገችም። «ያ አለቃ ሞቷል?»

«አለ። አርጅቷል። ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጀርባ ነው ቤቱ።»

«ጥፋቱ የራሷ ነው ብሎ የጻፈው እሱ ነው። ለእሱ ትነግረዋለህ፣ እኔ ቆሜ እየሰማሁ።»

«እሺ።»

«ዛሬ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

እናቴ ጫማዋን አደረገች። ሦስታችንም በእግር ሄድን። አለቃው በሩን ራሱ ከፈተ። አጎቴ ማንነቱን ነገረው፤ ቀጥሎም እናቴ ቆማ እየሰማች፣ በዚያ ምሽት መብራቱን ጠግኖ ሽቦውን ያቀያየረው እሱ ራሱ እንደነበር፣ እሷም አጥፍታው እንደነበር ነገረው።