የጥቅሉ መጀመሪያ

ለቅሶ በተቀመጡ በሦስተኛው ቀን፣ ሳሎኑ በሰው ጢም ብሎ ሳለ፣ የሟቹ እህት ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ለመሆኑ ፊልሙስ? እዚያ ያነሳው ፊልም የት ደረሰ?» አለች።

ይህች ሴት «ሬዲዮ» የተባለችው በከንቱ አይደለም። የምትጠፋበት ቁልፍ እስካሁን አልተገኘም፤ ወንድሟ ራሱ ፈልጎ ፈልጎ ተስፋ ቆርጦ ነው የሞተው። ሚጢ፣ የሟቹ ልጅ፣ የሻይ ትሪ ይዛ ከበሩ ገና እየገባች ነበር። ትሪው ዘመም አለና አንድ ብርጭቆ ወድቆ ምንጣፉ ላይ ተንከባለለ። ለቀስተኛው ሁሉ አይዞሽ፣ ድካም ነው አላት። ድካም አልነበረም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ።

«አለ» አለች ብርጭቆውን እያነሳች። «ሻንጣ ውስጥ አለ።»

ግድግዳውን ተደግፋ የተቀመጠችው እናቷ ቀና ብላ አየቻት። እናትየው ያንን ፊልም እየጠበቀች ነው ሦስቱን ቀን ያሳለፈችው። ባሏን ለሕክምና ወደ ሰው አገር ሲሄድ በእግሩ ሸኝታው፣ በሣጥን ነው የተቀበለችው። በመሃል ያለው ሦስት ሳምንት ምን ይመስል እንደነበር ሰው ቢነግራት አይገባትም። ፊቱ ከስቶ ነበር? ይስቅ ነበር? ለሚጠይቃት ሁሉ፣ ፊልሙ ሲታጠብ አየዋለሁ ትላለች።

ሚጢ ግን እናቷ የማታውቀውን ታውቃለች። ፊልሙ ሳይበላሽ አልቀረም፤ ያበላሸችውም ራሷ ናት።

አባቷ ፎቶ አንሺ ነበር። ከቤታቸው ፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር ባለችው ጠባብ ስቱዲዮ አርባ ዓመት ሠርቷል። በሰፈሩ እሱ ፊት ያልተቀመጠ ሰው ቢኖር ገና ያልተወለደ ነው። ስልኩ ሁሉ ካሜራ ሆኖ ደንበኛው ሲመናመን እንኳ ፊልሙን አልተወም። ለሕክምናው ጉዞ ሲነሳም ሁለት ጥቅል ያዘ፤ አንዱን ካሜራው ውስጥ አስገብቶ፣ ሌላውን ከነማሸጊያው።

አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ ፈታሿ ካሜራውን በራጅ ማሽኑ ላሳልፍ አለች። እሱ ደግሞ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ከኋላቸው ሰልፉ እየረዘመ፣ ሰው እያጉረመረመ፣ ሚጢ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቀረች።

«ልጄ፣ እኔን ራጅ አንሽኝ» አላት ፈታሿን። «እኔ ለምጄዋለሁ፣ ሰሞኑን አምስቴ ተነስቻለሁ። እሱን ግን ስለ እናትሽ በእጅሽ እይልኝ።»

ፈታሿ ሳቀች። ፊልሙን በእጇ አገላብጣ አይታ መለሰችለት። አውሮፕላኑ ውስጥ ገብተው ቀበቷቸውን ሲያስሩ፣ አባት ለልጁ ትምህርቱን ቀጠለ፦ ፊልም እንደ እንቁላል ነው፣ ከእጅ አይወጣም፤ በጭነት በሚሄደው ሻንጣማ ወላ ጥንቡሳስ፣ የዚያኛው ራጅ ከዚህኛው የባሰ ነው፤ ሰምተሻል? ሰምቻለሁ አለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አለና እንቅልፉን ተኛ።

ሆስፒታል ውስጥ ሥራ አልፈታም። ነርሶቹን አነሳ፣ መስኮቱን አነሳ፣ ሚጢን አነሳ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ካሜራውን ጭኑ ላይ አድርጎ ፊልሙን መጠቅለል ጀመረ። ሚጢ ቁጥሩን አየችና ስድስት ይቀርሃል አለችው።

«ይቅር። አዲሱን ቤት ደርሼ ነው የማስገባው።»

በሁለተኛው ቀን አረፈ። እንግዲህ ሚጢ ዕቃውን የሸከፈችው በዚያ ሰዓት ነው። ሁለቱን ፊልሞች ካልሲው ውስጥ ጠቀለለች፣ ካልሲውን ጫማው ውስጥ ከተተች፣ ጫማውን ሻንጣ ውስጥ፣ ሻንጣውን ለጫኚዎቹ። በጥንቃቄ ያስቀመጠችው መስሏታል እኮ! አገር ቤት ደርሳ ሻንጣው በሚሽከረከረው ላስቲክ ላይ ብቅ ሲል ነው ሰማይ የተደፋባት። ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ አባቷ ሲያለቅስ እሷ ለሁለት ነገር ታለቅሳለች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ለቀስተኛው ሳይበዛ ቀዩን ጠራችውና ስቱዲዮውን ከፈተች። ቀዩ ከአባቷ ጋር አርባውን ዓመት የሠራ፣ ፊልም አጣቢ ነው። መልኩ ከሰል የመሰለ ጥቁር ሲሆን፣ ቀዩ ያሰኘው ዕድሜውን የጨረሰበት የጨለማ ክፍል ቀይ መብራት ነው። ስቱዲዮው እንደ ኮምጣጤ ይሸታል፤ የአባቷ ወንበር ላይ ሹራቡ ተንጠልጥሏል። ሚጢ ዕንባዋን እየዋጠች ሁሉንም ነገረችው። ቀዩ እስክትጨርስ ሰማትና እጁን ዘረጋ።

«እስቲ አምጪው።»

ትንሿን ቆርቆሮ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የተጻፈውን አነበበ። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ አለ።

«ፍጥነቱ መቶ ነው። ቀርፋፋው ፊልም። ስንት ዓመት ሙሉ ፈጣኑን ግዛ እያልኩ ጨቅጭቄዋለሁ መሰለሽ። ፈጣኑ ፊልም ያገኘውን ብርሃን ሁሉ የሚጠጣ ሆዳም ነው፣ ራጁንም ጭልጥ ያደርገዋል። ይሄኛው ግን እንደ አባትሽ ነው፣ ቶሎ አይነካም።»

«ይወጣል ማለት ነው?»

«ቃል አልገባልሽም። ሊዳምን ይችላል። ነገ አጥበዋለሁ።» ከዚያ ቆርቆሮዋን ኪሱ ከተተና ድምጹን ዝቅ አደረገ። «ግን ዛሬውኑ ለእናትሽ ንገሪያት። ከወጣ በኋላማ ማንም ይናገራል።»

ቀኑን ሙሉ ልንገራት፣ ልተው ስትል ዋለች። ሻይ ቀዳች፣ ወንበር አመጣች፣ ሬዲዮ ሟቹ በልጅነቱ ከዛፍ እንዴት እንደወደቀ ለአሥረኛ ጊዜ ስታወራ ሰማች፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ዛፉ ይረዝማል። እንግዳው ሳሳ ሲል እናቷ አጠገብ ቁጭ አለችና ጆሮዋ ሥር ተናገረች። ጫማውን፣ ካልሲውን፣ ሻንጣውን፣ አንድም አላስቀረችም።

እናትየው ዞር ብላ የልጇን ፊት አየች።

«ለዚህ ነው እህል አልቀምስ ያልሽው?» አለች።

«እማዬ፣ አደራውን...»

«ዝም በይ። አባትሽን የሚያህል ሰው ብቻሽን ይዘሽ መጥተሽ፣ ለፊልም የሚተርፍ እጅ ከየት ታመጪ ነበር?» የሻርፗን ጫፍ ይዛ የልጇን ዕንባ ጠረገች። «ደግሞ ለኔ ምን አዲስ ነገር አለው? እኔ እንደሁ የደረሰኝ ሁልጊዜ የተቃጠለው ነው።»

ሚጢ ይህን ቅሬታ ስትሰማ ነው ያደገችው። ፊልም ካሜራ ውስጥ ሲገባ ጫፉ ብርሃን ያየዋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዋ ፎቶ ግማሽ ጎኗ ነጭ ሆና ትወጣለች። ሌላው ፎቶ አንሺ ወለሉን ወይም ጣሪያውን አንስቶ ያልፋታል። የሚጢ አባት ግን ሚስቱን ያነሳባታል። «እያስገባሁ ነው፣ መሞከሪያ ነው» ይላል፤ ጠቅ። አርባ ዓመት! የሰው ሚስት አምሮባት በትልቁ ታትማ የስቱዲዮው መስኮት ላይ ትሰቀላለች፣ የራሱ ሚስት ቀኝ ትከሻዋን ብርሃን በልቶት ካርቶን ውስጥ ትገባለች። ከሠርጓ ፎቶ በቀር ሙሉ ሰው ሆና የወጣችበት የለም። እሱም ላይ ቢሆን ሙሽራ ሳይሆን ለመታወቂያ የቀረበች ነው የምትመስለው።

«ፎቶ አንሺ አግብታ ፎቶ የሌላት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም» ትል ነበር። እሱ ሳቅ ብሎ ያልፋታል እንጂ መልስ ሰጥቷት አያውቅም።

በአምስተኛው ቀን ቀዩ ጠዋት ገብቶ ከጨለማ ክፍሉ አልወጣ አለ። ሚጢ ሳሎኑና ስቱዲዮው መሃል ስትመላለስ መንገዱን ጨረሰችው። ከቀትር በኋላ ነው በሩን ገርበብ አድርጎ በጣቱ የጠቀሳት። ፊልሙ በገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ይንጠባጠባል። በዳር በዳሩ እንደ ጭጋግ ያለ ነገር ተጋድሞበታል። ከጭጋጉ በታች ግን ሰዎች አሉ፤ መስኮት አለ፣ አልጋ አለ። ሚጢ የአባቷ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ቀዩ ፊቱን አዙሮ ዕቃ የሚያጥብ መሰለ።

ፎቶዎቹ ታትመው ደርቀው ሳሎን ሲገቡ አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። እናትየው መነጽሯን አድርጋ አንድ በአንድ አየች። ነርሶቹን አየች። ሚጢ ወንበር ላይ አፏን ከፍታ ስታንቀላፋ አየችና አሁን ይሄ ይነሳል አለች። ከዚያ እሱን አገኘችው። ማታ ማታ መስታወት በሚሆነው መስኮት ፊት ቆሞ፣ ካሜራውን ደረቱ ላይ ይዞ፣ ራሱን ያነሳው ነው። ከስቷል፤ ጉንጩ ገብቷል። ግን ደንበኛ ለማሳቅ የሚያደርጋትን ያቺን ፈገግታ ፈገግ ብሏል።

«ስቋል» አለች እናትየው፣ ለማንም ሳይሆን። «እሰይ። ስቆ ነበር።»

ቀዩ አንዷን ወደ ኋላ አስቀርቶ ኖሮ አሁን ሰጣት። የጥቅሉ መጀመሪያ ናት። የተጓዙበት ዕለት ጠዋት፣ እናትየው በሩ ላይ የባሏን ኮት ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ጥርሷ እስኪታይ ትስቃለች። ቀኝ ትከሻዋ የለም፤ ነጭ ነው።

«ይኸው፣ ዛሬም ተቃጠልኩ» አለች።

ቀዩ ጉሮሮውን ጠረገ። ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። አንድ ጥቅል ሠላሳ ስድስት ነው። እሱ ጨርሶ ያመጣልኝ በጣት ይቆጠራል። በሠላሳ ያወጣዋል፣ በሃያ ስምንት ያወጣዋል። አንተ ሰው፣ ስንቱን ፊልም ገደል ትከታለህ ስለው፣ ምሳዬን ይዛ የምትመጣበት ሰዓት ደርሷል፣ አዲስ ማስገባት አለብኝ ይለኛል።»

«ምሳው ከፊልሙ ጋር ምን አገናኘው?»

«እርስዎ ካሜራ ሲደገንብዎት ድንጋይ ይሆናሉ። የሠርጉ ዕለት አይቶታል። መሞከሪያ ነው ሲልዎት ግን ይስቃሉ፣ ይሰድቡታል፣ እንደ ራስዎ ይሆናሉ። ፎቶው ለእሱ መሞከሪያ ሆኖ አያውቅም።» ከስቱዲዮው ይዞት የመጣውን የጫማ ካርቶን ወደ እሷ ገፋው። «አንዷንም አልጣለም።»

እናትየው ክዳኑን ከፈተች። አርባ ዓመት ተደርድሯል፤ ሚጢን አዝላ፣ ሰሃን ይዛ፣ ተቆጥታ፣ ዝናብ መትቷት፣ ስቃ፣ ስቃ፣ ስቃ። ሁሉም ላይ ትከሻዋ ነጭ ነው። እያወጣች ጭኗ ላይ ደረደረቻቸው፤ ዕንባዋ ይወርዳል፣ ፊቷ ግን ፈክቶ ነበር። ሬዲዮ እንኳ አንዷን ፎቶ አንስታ አየችና ቃል ሳይወጣት መልሳ አስቀመጠቻት። ለካ ቁልፏ እዚያ ነበር።

ሚጢ ያኔ ገባት። ስድስት ይቀርሃል ስትለው ለምን ይቅር እንዳለ፣ አዲሱን ለምን ቤት ደርሼ እንዳለ። ተነስታ ሄደችና ካሜራውንና ያልተከፈተውን ሁለተኛ ጥቅል አመጣች። እሱም በዚያው ጫማ ውስጥ መጥቷል፤ ቀዩ ግን ወንድሙ ከሠራ እሱም ይሠራል ብሏል።

እናትየው ለቀስተኛ ልትሸኝ በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ በጉዞው ዕለት ጠዋት በቆመችበት ቦታ። ሚጢ ከኋላዋ መጥታ የካሜራውን ጀርባ ከፈተች፣ የፊልሙን ጫፍ ሳበች፣ የማዞሪያው ጥርስ ላይ አስያዘች፣ ዘጋች። እናትየው ድምጹን ስታውቅ ዞረች።

«እያስገባሁ ነው» አለች ሚጢ። «መሞከሪያ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች እናትየው።

ድንጋይ አልሆነችም። ሻርፗን ከትከሻዋ ላይ አስተካከለችና፣ በስተቀኟ ያለውን ቦታ ለብርሃኑ ለቃ፣ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ተጠጋች።