ያልተሟሸው ድስት

ካምላ የሸክላ መተኮሻውን ምድጃ ክዳን ስታነሳ ተናኘ ዓይኗን ጨፈነች። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ልጅ ለመዳር የደረሰች ሴት፣ የፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ግድግዳ ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ብታፍርም አልገለጠችውም።

«ወጥቷል፤ ነይ አንኳኪው» አለቻት ካምላ።

ተናኘ ቀረብ ብላ ድስቱን በጣቷ አንጓ መታ መታ አደረገችው። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ውስጡ የተሰነጠቀ ሸክላ ሲመቱት ድፍን ይላል፤ ደህናው እንዲህ ይጮኻል። «ተመስገን» አለችና ገና ሙቀቱ ያለቀቀውን ድስት በፎጣ አቅፋ ቁጭ አለች።

አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ያለው ይህ የመዝናኛ ማዕከል ለተናኘ የጽዳት ሥራዋ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ወለሉን ወልውላለች። ካምላ ደግሞ ሽበቷን ጎንጉና የምትውል የሕንድ ሴት ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ የሸክላ ሥራ ታስተምራለች። ሁለቱ ለዓመታት ከሰላምታ ያለፈ ወሬ አልነበራቸውም። ያቀራረባቸው ከሦስት ወር በፊት የሆነ ነገር ነው።

ያን ቀን ተናኘ ወለሉን ወልውላ ጠረጴዛ ስታጸዳ፣ አንድ ተማሪ «ይጣል» የሚል ወረቀት አጠገቡ ትቶለት የሄደ፣ አፉ የተጣመመ እርጥብ ማሰሮ አገኘች። ሥራዋ አንስቶ መጣል ነበር። እጇ ግን እሷን መቼ ጠየቃት? ጓንቷን አወለቀች፣ ጣቷን አረጠበች፣ የማሰሮውን አፍ አቃናች፣ ሆዱን ከውስጥ ገፋ ገፋ አድርጋ አሰፋችው። ጨርሳ ቀና ስትል ካምላ በሩ ላይ ቆማለች። ተናኘ ክው አለች። ከሥራ መባረሬ ነው ብላ «ሶሪ፣ ሶሪ» ስትል ካምላ የምታየው ማሰሮውን አልነበረም፤ ወለሉን ነበር። ባልደረቀው ወለል ላይ የተናኘ የጫማ ዱካ ጠረጴዛውን ዙሪያውን ከቦታል። ለካ ማሰሮውን ሳይሆን ራሷን ነበር ስታዞር የቆየችው።

«ማን አስተማረሽ?» አለቻት ካምላ።

«ማንም» አለች ተናኘ።

ካምላ ሁለተኛ አልጠየቀቻትም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ግን ክፍል ሲያልቅ ጭቃና ቦታ ትተውላት ጀመረች። ተናኘም ተሰባብሮ የተጣለ ገል ለቃቅማ፣ በመዶሻ አድቅቃ፣ ነፍታ ከጭቃው ጋር ለወሰች፤ እንዲያ ካልሆነ ድስት እሳት አይችልም። በአንዲት ለስላሳ ጠጠር ፈግፍጋ አሳመረችው፣ የሚያብለጨልጨውን ቀለም አልፈልግም አለች፤ ካምላም ሁሉንም ተከታትላ አየች። ተናኘ በዚህ ሁሉ ደስ ብሏት ሳለ ያቺ «ማንም» ያለቻት ቃል ግን አንጀቷ ውስጥ ተቀምጣ አልወጣ አለቻት።

አስተማሪዋ እናቷ ነበረች። ወይዘሮ ውብነሽ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ያኔ የአዲስ አበባ ሰው ወጡን የሚሠራው ቀጨኔ ሴቶች ባበጁት ድስት ነው፤ እዚያው ድስቱን ገዝቶ ዞር ሲል ደግሞ «ቡዳ» ይላቸዋል። ውብነሽ ሸክላዋን ተሸክማ በመንገድ ስታልፍ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ነበር፤ ተናኘ ከኋላ ከኋላዋ እየሄደች ይህን አይታለች። ትምህርት ቤት አጠገቧ የሚቀመጥ አልነበረም። ዲቪ ደርሷት ከባሏ ከንጉሡ ጋር ስትመጣ፣ ኤፍራታ ሆዷ ውስጥ ሳለች፣ «ይሄ ነገር ከሁለታችን አይለፍ» ተባባሉ። ስለዚህ ኤፍራታ የምታውቀው አያቷ ነጋዴ እንደነበረች ብቻ ነው። ውብነሽም እዚያው አገር ቤት ሳለች አረፈች፤ ልጇ ገንዘብ ሳታቋርጥ ልካላታለች፣ የእናቷን የእጅ ሥራ ግን አንድ ቀን ለሰው አንስታላት አታውቅም።

አሁን ድስቱ ጭኗ ላይ ሳለ ካምላ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠችና፣ ያን ቀን ለምን የእግርሽን ዱካ እንዳየሁ ልንገርሽ አለቻት። የተወለደችው ራጃስታን ውስጥ ከሸክላ ሠሪ ቤተሰብ ነው። በነሱ መንደር ሴት የሸክላ መንኮራኩር አትነካም፤ ነውር ነው። ያለ መንኮራኩር፣ ራሷ ማሰሮውን እየዞረች የምትሠራ ሴት ያየችው ያን ቀን ነው። እናቷ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጭቃውን በእግሯ ረገጠች፣ ውሃውን ቀዳች፣ ማሰሮውን ሁሉ በአበባና በወፍ አስጌጠች፤ ሥራሽ ምንድን ነው ሲሏት ግን «አግዛለሁ» ነበር መልሷ። ዛሬም ያው ነው አለች ካምላ። ባለፈው ክረምት ሄዳ ስታይ የወንድሟ ሚስት ዲግሪ አላት፣ ስልኳ ከካምላ ስልክ ይበልጣል፤ ዴልሂ አንድ ትልቅ ሱቅ ውስጥ ግን በሴቶቹ እጅ ያጌጠው ማሰሮ ከወንድሟ ፎቶ ጋር ተደርድሯል፣ የሴቶቹ ስም የትም የለም። አንዳንድ ልጃገረዶች ማኅበር አቋቁመው መንኮራኩር መማር ጀምረዋል። አሮጊቶቹ ግን ዛሬም ዞረውት ነው የሚያልፉት።

«እናቴን ወንዶቹ ወጥተው ሳለ፣ እማ ተቀመጪበት አልኳት» አለች ካምላ። «ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው። ሳቀች፣ አይሆንም አለች። ከዚያ አንድ ጣቷን ብቻ አስነካችው። አንድ ጣቷን። በናንተ አገር ማን ነው የሚሠራው?»

ተናኘ ድስቱን አየችው። «ሴቶች።»

«ከአፈሩ እስከ እሳቱ?»

«ከአፈሩ እስከ እሳቱ። እናቴ ናት ያስተማረችኝ። ማንም ያልኩሽ ዋሽቼ ነው።»

አንዴ ከጀመረች ወዲያ አልቆመችም፤ ነጠላውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ቡዳ መባሉን፣ የሃያ ሦስት ዓመቱን ዝምታ ሁሉ ዘረገፈችው። ካምላ «አይዞሽ» ትለኛለች ብላ ጠብቃ ነበር። ካምላ ግን ፎጣውን ገለጥ አድርጋ ድስቱን ዳሰሰችና፣

«እናቴ እናትሽን ብታውቃት ኖሮ ትቀናባት ነበር» አለች።

ተናኘ በዕድሜዋ ብዙ ነገር ሰምታለች። የቀጨኔ ሴት የሚቀናባት ናት ያለ ግን አንድም ሰው ገጥሟት አያውቅም። እንባዋ መጣ፤ ካምላን አቅፋ ደጋግማ አመሰገነቻት፣ በእንግሊዝኛው አልወጣላት ሲል በአማርኛ መረቀቻት። ካምላ ቃሉ ባይገባትም አሜን እንደማለት ራሷን ነቀነቀች።

የተናኘ ስልክ ጠራ። «ማሚ፣ አውትሳይድ ነኝ፤ ሌት ልንሆን ነው» አለች ኤፍራታ። ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የእጮኛዋ የዓብዩ እናት ቤት ምሳ ተጠርተዋል፤ ንጉሡ ሥራ ስላለው እናትና ልጅ ብቻ ናቸው የሚሄዱት። የዓብዩ እናት ወይዘሮ ብሩክታይት ደግ ሰው ናት፣ ውሸት አይነገርም። ክፋቱ ግን ሰው ስትተዋወቅ ስሙን በቅጡ ሳትይዝ አጥንቱን ነው የምትጠይቀው፤ የራሷን እስከ ሰባት ቤት ሳትተነፍስ ትቆጥራለች። ባለፈው ሲገናኙ «እናትዎ የማን ልጅ ናቸው?» ብላ ጀምራ ኬክ ሲመጣ ነው የተረሳው። ሽማግሌ የሚላከው በመጪው እሑድ ነው።

ኤፍራታ እናቷ በፎጣ የጠቀለለችውን ነገር ታቅፋ ወደ መኪናው ስትገባ አይታ «ዋት ኢዝ ዛት?» አለች። ለስጦታ የሚሆን ኬክ ተገዝቶ ከኋላ ወንበር ላይ አለ። ተናኘ ቀበቶዋን አሰረች፤ ወንዙን የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ሲደርሱ መኪናው ሁሉ ተጨናንቆ ቆመ። የእናቷን ነገር ሁሉ እዚያው ነገረቻት። ኤፍራታ መሪውን እንደያዘች ሰማች፤ ፊት ለፊቷን እያየች።

«አያቴ አርቲስት ነበረች፣ አንቺ ደግሞ ነጋዴ ናት አልሽኝ» አለች በመጨረሻ። «ማይ ሆል ላይፍ፣ ማሚ።»

«ላንቺ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ስቲል ግን።»

ተናኘ ይቅርታ ጠየቀቻት፤ ልጅን ይቅርታ መጠየቅ ከባድ ነው፣ ግን ጠየቀቻት። ኤፍራታ እጇን ዘርግታ ድስቱን በፎጣው ላይ ነካችው። ዓብዩ ምንም አይገደውም አለች። እናቱስ ስትላት ግን ትከሻዋን ሰበቀች።

«አይ ዶንት ኖው። ዩር ኮል፣ ማሚ፤ አንቺ ወስኚ። ኬኩም አለ።»

ቤቱ ደጅ መኪናው ሲቆም ተናኘ ኬኩን አየችው፣ ድስቱን አየችው። ኬኩን ለኤፍራታ ሰጥታ ድስቱን ራሷ ይዛ ወረደች።

ወይዘሮ ብሩክታይት ሳማ ተቀበለቻቸው። ፎጣው ሲገለጥ ፊቷ በራ፤ በሁለት እጇ ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። «የአገር ቤት ድስት። ከየት አገኙት? ሴቨን ኮርነርስ ካሉት ያገር ቤት ሱቆች ነው?»

አንዲት «አዎ» ትበቃ ነበር። ኤፍራታ ከጎኗ ኬኩን እንደያዘች ቆማለች።

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አለች ተናኘ። «ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ወይዘሮ ውብነሽ ትባል ነበር፤ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ነበረች።»

የብሩክታይት እጅ ድስቱ ላይ ቀጥ አለ። ዓብዩ እናቱን አየ፣ ኤፍራታን አየ። ተናኘ የተናገረችውን መልሳ ለመዋጥ አልቃጣትም። ብሩክታይት ድስቱን ገልብጣ ሥሩን አየች፣ ቀና አድርጋ በጣቷ አንጓ መታችው። ጮኸ።

«እናቴ ከቀጨኔ ሴቶች በቀር ከማንም ድስት ገዝታ አታውቅም» አለች ቀስ ብላ። «በያመቱ ደጃችን ይመጡ ነበር። አንዳቸውንም ስማቸውን ጠይቀናቸው አናውቅም።» ፊቷ ሙሉ በሙሉ አልተፈታም፤ ሰባት ቤት መቁጠር የለመደ ሰው በአንድ ቀን አይተወውም። «ውብነሽ ነው ያሉኝ?»

«ውብነሽ።»

«ተሟሽቷል?»

«ገና ነው። ከእሳት የወጣው ዛሬ ነው።»

ብሩክታይት ድስቱን መልሳ አስያዘቻት። ተናኘ ስጦታዬን መለሰችብኝ ብላ ደነገጠች። ብሩክታይት ግን ወደ ማድቤቱ ቀድማ ሄዳ ከመደርደሪያ ዘይት አወረደች፣ ምድጃውን ዝቅ አድርጋ ለኮሰች።

«ሸክላ ማሟሸት ከረሳሁ ሠላሳ ዓመቴ ነው» አለች ጀርባዋን እንደሰጠች። «ነይ እህቴ፣ አሳዪኝ።»

ተናኘ የክት ቀሚሷን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰበሰበች። «ኤፍራታ፣ ኬኩን አስቀምጪና አንቺም ነይ» አለች። «እናቴ እንዴት ታደርገው እንደነበር እዪ።»