የመቅደሱ ጣሪያ ልኬት

እሱባለው የሌዘር መለኪያውን ተሸክሞ የተወለደበት መንደር ሲደርስ ሰው ሁሉ ደስ አለው። ከአሸተን ማርያም ማዶ ያለው ውቅር ቤተ ክርስቲያናቸው ጣሪያው ተሰንጥቋል። መሣሪያው ደግሞ በጨረር እየዞረ ግድግዳውንም ጣሪያውንም በሚሊዮን ነጥብ ይለካል፤ ስንጥቁ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ በኮምፒውተር ያሳያል። ድጋፍ የሚቆመውም በዚያ ልክ ነው።

ቅኔ ማሕሌቱና ቅድስቱ በአንድ ቀን ተለኩ። የቀረው መቅደሱ ነው፤ እዚያ ደግሞ ከካህንና ከዲያቆን በቀር ማንም አይገባም። መሐንዲሷ ኤልሳቤጥ ግራ ገብቷት ቆመች።

«ምን ያስጨንቃችኋል?» አሉ መሪጌታ ወልደ ኪዳን። «የቄስ ገብረመስቀል ልጅ ዲያቆን አይደለም እንዴ? ነገ ጾሞ፣ ጫማውን አውልቆ፣ መሣሪያውን ይዞ ይግባ።»

እሱባለው ዲያቆንስ ነበር። ኮምቦልቻ ካንዲት ሴት ጋር ያለ ተክሊል ሦስት ዓመት ኖሮ ክህነቱ ፈርሷል፤ ይህን ለአባቱ አልነገረም። አባቱ ከጎኑ ቆመው መሬት መሬት ያያሉ። «አልችልም» ማለት አንድ ቃል ነበር። ሌላ ዲያቆን ሞልቷል፤ መሣሪያውን ማስጀመርም አንድ ቁልፍ መጫን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የተባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

«እሺ» አለ።

በማግስቱ «ሰው ከተንቀሳቀሰ ልኬቱ ይበላሻል» ብሎ ሁሉንም አስወጣ። ብቻውን ሲቀር መጋረጃው ፊት ቆመ። እጁ ወደ መጋረጃው ሄዶ ተመለሰ። እግዚአብሔርን ፈራ፤ እውነቱን ለመናገር ግን አብልጦ የፈራው አባቱን ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል በባዶ እግሩ ቆሞ ወጣና «አለቀ» አለ።

በኮምፒውተሩ ላይ መቅደሱ ጥቁር ባዶ ነበር። ከቅድስቱ ጣሪያ ደህናውን ገልብጦ ለጠፈበት። ሥራው ያምር ነበር፤ የሚያናድደውም ማማሩ ነው። ኤልሳቤጥ አይታ «ተመስገን፣ ስንጥቁ መጋረጃው ጋ ያበቃል» አለች። የብረት ድጋፉም ቅድስቱ ውስጥ ብቻ ቆመ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። እሱባለውም ቀሎት ኮምቦልቻ ተመለሰ።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተ። አንድ ሐሙስ ጠዋት የመቅደሱ ጣሪያ ወረደ። ቄስ ገብረመስቀል ከሥሩ ነበሩ።

ከቀብሩ በኋላ መሪጌታ ወልደ ኪዳን እሱባለውን ከሰው ለይተው ወሰዱት። ሲያለቅሱ ውለው ድምፃቸው ተዘግቷል።

«ልጄ፣ ክህነትህ መፍረሱን አባትህ ያውቁ ነበር። ከኮምቦልቻ የመጣ ነጋዴ ነግሯቸዋል። ያን ዕለት ዝም ያሉት በሰው ፊት እንዳታፍር ብለው ነው። እኔን ያዋዩኝ በኋላ ነው። ‹ልጄ በድፍረት መቅደስ ረገጠ፤ እያወቅሁ አልከለከልኩትም፤ ኃጢአቱ የእኔ ነው› ብለው ቀኖና ያዙ። የኪዳን ጸሎት ደርሶ ሁላችን ስንወጣ እሳቸው መቅደሱ ውስጥ ብቻቸውን ቀርተው ስለ አንተ መቶ መቶ ይሰግዱ ነበር። ሐሙስ ዕለትም ትተናቸው ወጣን።»

እሱባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«መቅደሱን አልረገጥኩም መሪጌታ» አለ። «መጋረጃው ጋ ቆሜ ነው የተመለስኩት።»

መሪጌታ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ታዲያ ጣሪያውን ማን ለካው?» አሉ።