ለስላሳ የጠፋበት ፍሪጅ

ክላይድ እባላለሁ፤ ስሜን ግን ከቅርብ ወዳጆቼ በቀር ማንም አያውቀውም ነበር። የሚታወቀው «ለቀስተኛው» ያልኩት ድረ ገጼ ነው። በፈረንጆቹ 2001 መጀመሪያ ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ ሥራ ያለውም የሌለውም ጠዋት ተነሥቶ መጀመሪያ የሚከፍተው እሱን ነበር። ሥራዬ ቀላል ነው፤ የትኛው የኢንተርኔት ድርጅት እንደሞተ፣ የትኛው እያጣጣረ እንደሆነ እየጻፍኩ ማላገጥ። አንባቢዎቼ ቀጥሎ የሚሞተውን ይገምታሉ፣ ያወቀ ነጥብ ያገኛል። እኔ ራሴ ከሦስት ድርጅት ስለተባረርኩ ማን ምን አባቱ ሊለኝ ይችላል እል ነበር።

የሞት ምልክት ነበረን። እነዚህ ድርጅቶች ለሠራተኛ በነጻ የሚጠጣ ለስላሳ የሚሞሉበት ፍሪጅ አላቸው። ፍሪጁ ባዶ ሆነ ማለት ቤቱ ሳምንት አይቆይም። አንድም ቀን አሳስቶኝ አያውቅም።

ማክሰኞ፣ ማርች አሥራ ሦስት፣ ለስላሳ አመላላሽ ነኝ የሚል ስሙን የደበቀ ሰው ጻፈልኝ። በኢንተርኔት መጋረጃ የሚሸጠው ድርጅት ማዘዝ አቁሟል፣ ፍሪጁ ባዶ ነው አለ። እዚያ ኖሪን ትሠራለች። ኖሪን ማለት ከመጀመሪያው ድርጅታችን አብረን ስንባረር ዕቃዬን በመኪናዋ ጭና ቤቴ ያደረሰችኝ፣ እህቴ ብላት የማላፍርባት ሴት ናት። ባሏ ኤመት በሚቀጥለው ማክሰኞ የልብ ቀዶ ጥገና ቀጠሮ አለው። ወጪውን የሚሸፍነው የእሷ መሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ ነው። መሥሪያ ቤቱ ከተዘጋ ኢንሹራንሱም በዚያው ይቆማል። ይህን አላውቅም ነበር ብዬ አልዋሽም፤ አውቅ ነበር።

ደወልኩላት።

«ለስላሳው ቆመ እንዴ?»

«ማን ነገረህ?» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቆሟል። ግን አንተ እንደምታስበው አይደለም። ገንዘብ የሚያወጡልን የባለሀብቶቹ ሰው አጠገቤ ነው፣ ማውራት አልችልም። ነገ ምሳ ላይ ሁሉንም እነግርሃለሁ።»

«እስከ ነገ ሌላው ድረ ገጽ ይቀድመኛላ!»

«ይቅደምህ! አንድ ቀን ብትቀደም ምን ትሆናለህ? ክላይድ፣ በሞቴ። አደራህን።»

«እሺ በቃ፣ እሺ» አልኳት።

እሺ ያልኩት ከልቤ ነበር። ከዚያ ግን ቀልዱ መጣልኝ። ቀልድ ከመጣልኝ ደግሞ አያስቀምጠኝም፤ በሽታዬ ይኸው ነው። «ሠራተኞቹ ከዛሬ ጀምሮ ውሃ ከመሥሪያ ቤቱ ቧንቧ ይጠጣሉ፤ ከሳምንት በኋላ ከየቤታቸው ቧንቧ» ብዬ ጻፍኩ። የታመመውን እንጂ ጤነኛውን መች ነካሁ እያልኩ ራሴን አባበልኩና ለጠፍኩት። ከተማው ሲስቅበት ዋለ። እኔም፣ እግዜር ይይልኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግሥቱ ምሳ ቦታችን ተቀምጬ ብጠብቅ ብጠብቅ ኖሪን ቀረች። ደወልኩ። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም።

«ለስላሳውን ያስቀረነው እኛው ነን» አለችኝ። «ፍራፍሬውንም። አሥራ አንዳችንም ተስማምተን፣ ከደመወዛችንም አስቀንሰን። ኤመት እስኪታከም ቤቱ እንዳይዘጋ ብለን። ባለሀብቶቹ እስከ ወሩ መጨረሻ እንታገሣለን ብለውን ነበር። ዛሬ ጠዋት ያንተን አንብበው መጡና ‹መሳቂያ ከሆነ ቤት ጋር ስማችን አይነሣም› አሉ። ዘጉት።»

«ኖሪን፣ እኔ እኮ…»

«አደራ ብዬህ ነበር» አለች። ስልኩ ተዘጋ።

በዚያው ሰዓት አንድ መቶ የሚሆኑ ሰዎች በትክክል ገምተናልና ነጥባችንን ስጠን እያሉ ይጽፉልኝ ነበር። ኮምፒውተሩን አጠፋሁት።

ቅዳሜ ቤታቸው ሄድኩ። በሩን የከፈተልኝ ኤመት ነው። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ለሆስፒታል ያዘጋጃት ትንሽ ሻንጣ በሩ ሥር እንደተዘጋች ቆማለች። ኖሪን ከጓዳ ድምፄን ሰምታለች፤ አልወጣችም። ኤመት ወንበር ሳበልኝ። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ስለ ቧንቧው የጻፍከውን አንብቤዋለሁ» አለኝ። «የማን መሥሪያ ቤት እንደሆነ ከማየቴ በፊት። አንተ ሰውዬ፣ ደረቴን ይዤ ነው እኮ የሳቅኩት!»

አንገቴን ደፍቼ ሻንጣዋን አየሁ። ኤመትም አየኝ፤ ቀስ ብሎ ተነሣና በእግሩ ወደ ግድግዳው ገፋ አደረጋት።

«ማክሰኞ ጊዜ ካለህ ብቅ በል» አለኝ። «ቤት ነኝ።»