ጠርጌ ያስተካከልኩት ትምህርት

ጎረቤቴ በአጥሩ ቀዳዳ ለአንዷ ስታወራ በገዛ ጆሮዬ ሰማኋት። «የሷ የልጅ ልጅ ከሥራ ሳትባረር አልቀረችም። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጣ ነው የምትውለው። አስተማሪ ቤቱ ተጎልቶ ያስተምራል እንዴ?»

ወሬ እወዳለሁ፣ አልዋሽም። የገዛ የልጅ ልጄ ስትታማ ግን ያንገበግበኛል።

ልጅቷ መች ተባረረች! የስፌት አስተማሪ ናት። ሃያ ሴቶች፣ ገሚሷ ወልዳ፣ ገሚሷ ሥራ ይዛ፣ ትምህርቱን አቋርጠውባታል። እነሱን ለመመለስ ነው ድረ ገጽ የምታዘጋጀው። ግማሹን ቤታቸው ሆነው በስልክ ይማራሉ፣ ግማሹን ክፍል መጥተው በስፌት መኪና ይሠራሉ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ግን ፊቱን አኮማትሮ፣ «ሐሙስ ከፍቼ አየዋለሁ። እኔ መንገዱ ከጠፋብኝ ተማሪም ይጠፋበታል፤ ያኔ ይቀራል» ብሏታል።

እሷም የድረ ገጹን ቅደም ተከተል ለመሞከር የሳሎኑን ወለል በካርቶን ቁራጭ ሞላችው። አንዱ ቁራጭ አንድ ትምህርት መሆኑ ነው። ፊደል ስላልቆጠርኩ ጽሑፉ አይገባኝም፤ ደግነቱ ሥዕል አለው፦ ሜትር፣ መቀስ፣ እጅጌ፣ ዚፕ። ቪዲዮውን ሁሉ መስኮቱ ጋ፣ የሚነበበውን ሁሉ በሩ ጋ፣ ፈተናውን ሁሉ ሶፋው ሥር ደርድራ፣ «እምዬ፣ አደራ እንዳትነኪብኝ!» ብላ ወጣች።

አልነካሁም። ጠረግሁ እንጂ።

ጠርጌ ስጨርስ የቱ የት እንደነበረ ጠፋኝ። ጉድ ፈላ! ምን ላድርግ፣ በማውቀው ደረደርኩት። ሜትር ያለበትን ሁሉ አንድ ላይ፣ ቀጥሎ መቀስ፣ ከዚያ እጅጌ፣ መጨረሻ ዚፕ። ሳይለካ የሚቆርጥ አለ?

ገብታ ስታየው ጮኸች። «እምዬ! የሦስት ሳምንት ልፋቴን!»

«አቧራ ነበረበት» አልኳት።

ወለሉ ላይ ዘፍ አለች። ቁጣዋን ስጠብቅ፣ አንዱን ቁራጭ አነሳች፣ አንዱን አየች። «ቆይ... መለካትን ቤታቸው ያያሉ፣ ያነባሉ፤ ክፍል መጥተው ይለካሉ፣ እዚያው ይፈተናሉ። ከዚያ ወደ መቁረጥ...»

«አንቺማ አንዷን እጅጌ መስኮቱ ጋ፣ በሩ ጋ፣ ሶፋው ሥር ልታስፈልጊያቸው ነበር!»

ሳቀችና ግንባሬን ሳመችኝ። ከዚያ እንቅልፍ የለ፣ ምግብ የለ፣ ሁሉንም በሳምንት በሳምንት ከፋፍላ አስተካከለችው። ቤት የሚሠራው ላይ የቤት ሥዕል፣ ክፍል የሚሠራው ላይ የስፌት መኪና ሥዕል አደረገች። ረቡዕ ድረ ገጹን እንድሞክረው ስልኩን ሰጠችኝ። በአንዲት ጣቴ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ ከሜትር ተነስቼ ዚፕ ደረስኩ! ሐሙስ ዳይሬክተሩ ስህተት ሲፈልግ ቆይቶ፣ አጥቶ ፈረመ። የኔ ልጅ ናት፣ ምን መሰላችሁ!

ሃያዎቹ ሲመረቁ ቤታችን ሰው ሞላው። ጎረቤቴ አዲስ ቀሚስ ለብሳ እየተሽከረከረች መጣች። «ምራቴ ከትልቅ ሱቅ ገዝታልኝ ነው። በስልክ የተማረ ሰፊ እንዲህ ያለውን ጨርቅ ይነካዋል? ያበላሸዋል እንጂ!»

የዱሮ ልብስ ሰፊ ጓደኛዬ፣ ለምላሷ «መርፌ» የምንላት፣ በክፍሉ ቀን እየሄደች ተማሪዎቹን ታግዝ ነበር። ብድግ ብላ የቀሚሱን ጠርዝ ገለበጠች።

«ይቺን ስፌት ሁለቴ ያስፈታኋት እኔ ነኝ። ምራትሽ አልገዛችውም፤ የልጅ ልጅሽን እያጠባች፣ በስልክ ተምራ ነው የሰፋችው። ሱቅ ያለችሽ ምላስሽን ፈርታ ነው።»