ሁለቴ የጠበበው መኪና

በመኪና ውድድር ጌም እኔን የሚያሸንፍ ሰው ገና አልተወለደም። እርግጥ ታናሽ እህቴ ቁንጫ በየቀኑ ትቀድመኛለች። ጥፋቱ ግን የእኔ አይደለም፤ የስክሪኑ ነው።

ጌሙ አሮጌ ነው። በልብስ ሰፊዋ አክስቴ ሱቅ ጥግ ላይ ያለው፣ የደንበኞች ልጆች ልብስ እስኪደርስ እንዲጫወቱበት ነው። የድሮው ቴሌቪዥን ተቃጥሎ ሰፊው አዲሱ ከተገዛ ወዲህ ግን ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ መኪናውም ወደ ጎን ተለጥጦ የተረገጠ እንቁራሪት መሰለ። እኔ መች አንሼ! የቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ውስጥ ገብቼ ምስሉን ከግራና ከቀኝ አጠበብኩት። ውፍረቱ ጠፋ፤ መንቀጥቀጡ ግን ወይ ፍንክች።

"ዛሬም አንዱ ልጅ ራሴን አመመኝ ብሎ አለቀሰ" አለች አክስቴ። "ምስሉ እስከ ቅዳሜ ካልጠራ ጌሙ ይወጣል። ጥጉን ለሁለተኛው የስፌት ማሽን እፈልገዋለሁ።"

"አክስትዬ ሙቺ፣ አጠራዋለሁ!"

ቅዳሜ ጠዋት ከኢንተርኔት ያገኘሁትን ኮድ ይዤ ተቀመጥኩ። አሮጌ ጌም ምስሉን በግማሽ በግማሽ ነው የሚልከው፤ አንድ መስመር ይልካል፣ አንድ ይዘላል። አዲሱ ስክሪን ሁለቱን ግማሽ መግጠም ሲያቅተው ይንቀጠቀጣል። አንደኛው ኮድ ጌሙን "ሙሉውን ባንዴ ላክ" ይለዋል፤ ሁለተኛው ሰፊው ስክሪን የሚለጥጠውን ያህል ምስሉን አስቀድሞ ያጠበዋል። ለጌሙ ኮድ የሚሰጥበትን ልዩ ሲዲ ማጫወቻው ውስጥ ከተትኩ። ቁንጫ ከስልኬ እያነበበችልኝ ፊደሉንም ቁጥሩንም በጆይስቲክ አንድ በአንድ ለቀምኩት።

ጌሙ ተነሳ። ምስሉ ቀጥ! የመንገዱ መስመር እንደተወጠረ ክር ሆነ። መኪናው ግን ቀጥኖ ሊሰበር ደርሷል።

"ይሄ መኪና ነው ፌንጣ?" አለች ቁንጫ።

አክስቴ ስፌቷን ትታ መጣች። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ፣ በጎኑ የቆመውን መኪና ጎማ እንደ ሰው ወገብ ለካችው።

"ቁመቱ ስምንት፣ ጎኑ ስድስት። ጎማ ክብ አይደል እንዴ?" ከዚያ በስክሪኑ ግራና ቀኝ የቀረውን ጥቁር ነካ ነካ አደረገች። "ይሄስ ትርፍ ጨርቅ ነው? አንቺ ልጅ፣ አንዱ ያጠበበውን ቀሚስ ነው ደግመሽ ያጠበብሽው።"

ያ "አንዱ" ማን እንደሆነ ሳልናገር፣ ቀስ ብዬ ማስተካከያውን ወደ ቦታው መለስኩ። ምስሉ ከዳር እስከ ዳር ሞላ። አክስቴ ደግማ ለካች።

"ስምንት በስምንት። ጎበዝ! ጌሙ ይቆያል፤ ማሽኑን በሩ ጋ አስገባዋለሁ።"

ሱቁ ጠበበኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

"ነይ ቁንጫ! ዛሬ ማን ማን እንደሆነ ይለያል!"

አንደኛው ዙር ላይ ግድግዳ መታሁ። ሁለተኛው ላይም ያንኑ ግድግዳ። ሦስተኛው ላይ ወደ ኋላ እየነዳሁ መሆኔን ያወቅኩት ቁንጫ ፊት ለፊት ስትመጣብኝ ነው።

ቁንጫ ጆይስቲኩን አስቀመጠች።

"በፊት ስክሪኑ ይሸፍንልሽ ነበር። አሁን መንዳት እንደማትችዪ ጥርት ብሎ ታየ።"